ፎቶው ላይ የማይታዩት አባት

"የአባትህ ፎቶ የታለ?" አለችው ፖሊሷ።

ፎቶ አንሺው ስልኩን አውጥቶ ወደ ላይ አለ... ወደ ታች አለ... የለም።

ሽማግሌው አባቱ ጠዋት ከቤት እንደወጡ አልተመለሱም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል... ቁርስ በልተው ሳይጨርሱ "ዛሬ ቁርስ የለም እንዴ?" ይላሉ።

"አፋልጉኝ" ብሎ ለመለጠፍ ደግሞ ፎቶ ያስፈልጋል።

መታወቂያቸው ያለው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ቤት የተሰቀለው የሠርጋቸው ፎቶ ነው... እሱ ላይ ደግሞ ጎፈሬያቸው በበር አያስገባም።

"ለመሆኑ ሥራህ ምንድነው?"

"ፎቶ አንሺ ነኝ።"

ፖሊሷ ቀና ብላ አየችው... አስተያየቷ ገብቶታል።

ደግሞ እንዲሁ ፎቶ አንሺ እንዳይመስላችሁ። ባቡር መሄድ ባቆመበት አሮጌ ዋሻ ውስጥ ያነሳቸው ፎቶዎች ተሸልመዋል። ጥቀርሻ የጠጣው ግድግዳ፣ የዛገው ሃዲድ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ... ጉድ ያሰኛሉ። ስልኩን የሞሉት እነሱ ናቸው። የሰው ዘር ግን አይታይባቸውም።

እነሱን ሲያገላብጥ እጁ ቀጥ አለ...

"አባዬ የት እንዳለ ሳላውቅ አልቀርም" ብሎ ተነስቶ ወጣ።

ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ውስጥ ብርሃን ይንቀሳቀሳል።

አባትየው የእጅ ባትሪ ይዘው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እያበሩ ይሄዳሉ... ይመለሳሉ... ደግሞ ይሄዳሉ። ጫማቸው በስብሷል፤ እግራቸው ዝሏል።

"አባዬ፣ በቃ ቁም።"

አልቆሙም።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። ቁም እንጂ።"

"ተው ልጄ... ከቆምኩ እታያለሁ። ፎቶህ ይበላሻል።"

ልጁ እዚያው ሃዲዱ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

ነገሩ ላልገባችሁ... ጨለማ ውስጥ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ይቆያል። አንድ ሰው እየተራመደ ግድግዳውን በባትሪ ያበራል። ሰውየው እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ብርሃኑ እንጂ እሱ ፎቶው ላይ አይወጣም። ቆም ካለ ግን እንደ ጥላ ጉብ ይላል።

ያንን ባትሪ ሲይዙለት የኖሩት አባቱ ናቸው። ሌላ ማን እሺ ብሎት። እሱም ሁልጊዜ የሚነግራቸው አንድ ነገር ነበር... "አባዬ፣ እንዳትቆም።"

የቤታቸው መንገድ ጠፍቶባቸዋል። ይህቺን ትእዛዝ ግን አልረሷትም።

የተሸለሙት ፎቶዎች ሁሉ በእሳቸው ብርሃን የተነሱ ናቸው። እሳቸው አንዱም ላይ የሉም።

ልጁ ዓይኑን ጠርጎ ስልኩን አነሳ።

"አባዬ፣ የዛሬው ፎቶ ያንተ ነው። ቆመህ እየኝ።"

"ይበላሽብሃል እኮ።"

"ይበላሽ።"

ቆሙ። ኮታቸውን አስተካከሉና አዩት።

ወገኖቼ... ብዙዎቻችን ለሰው የምንታየው አንድ ሰው ጨለማ ውስጥ ሆኖ ስለሚያበራልን ነው። ያንን ሰው "አንተ አትታይ" ያልነው ደግሞ እኛው ራሳችን ነን።

እስቲ አሁን ስልካችሁን ክፈቱ... አባታችሁን ወይም እናታችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ፎቶ ያነሳችሁት መቼ ነው?

ኮመንት ላይ ጻፉት። ፈልጋችሁ ካጣችሁ ግን ኮመንቱን ተዉትና ሄዳችሁ አንሷቸው...