የመምህርት ሰብለ ጨዋታ

አድማሴ ከቡሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ የሚያርስ፣ ከዳዊት ሌላ መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው ነው። ልጁ ወለተ ሐና የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከወረዳው አንደኛ ሆና አለፈች፤ ቡሬ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤትም በነጻ አስተምራታለሁ ብሎ ተቀበላት። በእነ አድማሴ ቀበሌ ከስምንተኛ በላይ ክፍል የለም። ወይ እዚያ ትማራለች፣ ወይ ቤት ትቀመጣለች።

በገባች በመጀመሪያው ሰኞ ወረቀት ይዛ መጣች። አድማሴ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥነ ጽሑፍ መምህርት ሰብለ በልብ ወለድ ውስጥ ያለውን ቅኝ አገዛዝ በዚህ ሰሞን በጨዋታ ታስተምራለች። ግማሾቹ ተማሪዎች ባዕድ ገዢ፣ ግማሾቹ ተገዢ ይሆናሉ። ልጆቻችሁ እንግዳ ነገር ቢያወሩ እንዳትደነግጡ።»

«ቅኝ አገዛዝ ምንድን ነው?» አላት።

«ባዕድ መጥቶ ስም ሲለውጥ፣ ቋንቋ ሲከለክል፣ ሰውን በገዛ አገሩ ሲያዝዘው ነው፣ አባዬ።»

«ታዲያ ይኸ ምኑ ያጫውታል?» አለ። ግን መምህር ካለ አለ ነው።

ማክሰኞ ልጅቱ ስሟ ተለውጦ ተመለሰች።

«ከእንግዲህ አና ነሽ አሉኝ። ወለተ ሐና ለመዝገቡ ረዘመ።»

አድማሴ ሳቀ። በሰማንያ ቀኗ ላጠመቋት ቄስ እንኳ አልረዘመባቸውም ነበር። «ከተገዢዎቹ መድበውሻላ! ምን ይደረግ፣ በርቺ።»

ረቡዕ አንገቷ ላይ የገመድ ሰንበር ወጥቶ መጣች። እናቷ እናኑ ዐይታ ጮኸች።

«ከእንግሊዝኛ በቀር መናገር ክልክል ነው» አለች ወለተ ሐና። «እኔ ረሳሁና ባማርኛ ‹ውኃ ልጠጣ› አልሁ። እንጨት በገመድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉብኝ። ሌላ ባማርኛ ያወራ ልጅ እስክጠቁም አይወርድልኝም።»

«ጠቆምሽ?»

«አልጠቆምሁም። እስከ መጨረሻው ደወል ተሸክሜው ዋልሁ።»

«ላማርኛ እንጨት ካንጠለጠሉብሽ፣ እንደ ቤታችን አገውኛ ብትናገሪማ በሩን ነቅለው ያሸክሙሽ ነበር» አለ አድማሴ።

እናኑ አልሳቀችም። «ጨዋታ ከሆነ ልጅቱ ስለምን ታለቅሳለች?»

«መምህርቷ አዋቂ ናት፤ እንዲገባቸው ብላ ነው። እግዜር ዕድሜ ይስጣት።»

ሐሙስ መዳፏ ተልጦ መጣች። እንጨቱን ለሌላ ልጅ ስላላስተላለፈች የርእሰ መምህሩን የሽንኩርት መደብ ስትኮተኩት ውላለች። አድማሴ የመምህርቷን ጥንቃቄ አደነቀ። የጉልበት ግብሩን እንኳ አልረሳችውም! እንዲህ ያለች አስተማሪ ከየት ትገኛለች?

ወለተ ሐና ግን ደብተሯን ቤት ካለው መደብ ላይ ወርውራ፣ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች።

ያን ጊዜ ሳቁ ጠፋ። አድማሴ ወደ ምሥራቅ ዞሮ አባታችን ሆይ ደገመና ተመለሰ። «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ። ይቺ ሴትዮ ጨዋታዋን ከተወች ትማሪያለሽ። አልተውም ካለች ይዤሽ እመለሳለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ጋቢውን ደርቦ፣ ልጁን አስከትሎ ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ። ዘበኛው እጅጉ እጁን ዘርግቶ አገደው።

«አባቴ፣ እርስዎ በጓሮ በር ነው።»

«ይኸኛውሳ? በር አይደለም?»

«ይኸኛው መኪና ላላቸው ወላጆች ነው።»

አድማሴ ከእግር እስከ ራሱ ዐየው። «አንተንም ገዢ አድርጋሃለች?»

«ኧረ እኔ ዘበኛ ነኝ፣ አባቴ!»

«ይባርክህ፣ አሳምረህ ይዘኸዋል» አለና በጓሮ ዞረ።

መምህርት ሰብለ ብቻዋን ተቀምጣ መጽሐፍ ታነባለች። ክፉ የማትመስል፣ ቀጭን ልጅ ናት። አድማሴን ስታይ ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችለት። አልተቀመጠም።

«መምህርት፣ በነጻ እያስተማራችሁልኝ አፌን ሞልቼ መናገሩ ይከብደኛል» አለ። «ጨዋታዎ ግሩም ነው። የልጄን ስም ለወጣችሁ፣ አፏን ዘጋችሁ፣ ሽንኩርት አስኮተኮታችሁ፣ እኔን ሳይቀር በጓሮ አስገባችሁኝ። ቅኝ አገዛዝ እንኳን ለእሷ ለእኔም ገብቶኛል። አሁን ግን ይብቃ። ጨዋታው ካበቃ ልጄ እዚሁ ትማራለች፤ ካላበቃ ዛሬውኑ ይዣት እገባለሁ።»

ወለተ ሐና ከበሩ ሥር ቆማ የመምህርቷን አፍ አፍ ታያለች።

ሰብለ መጽሐፏን ቀስ ብላ ዘጋች።

«አባቴ፣ ጨዋታው እኮ የሚጀመረው የፊታችን ሰኞ ነው።»