የሸኪባ ሚስኮል

በአፍጋኒስታኗ ሄራት ከተማ ሴት ልጆች ትምህርት ከተከለከሉ ወዲህ፣ መምህርት ራዚያ ሒሳብ የምታስተምረው በድምፅ መልእክት ነበር። ጥያቄ ትልካለች፤ መልሱ «ሀ» የመሰላት ልጅ አንዴ፣ «ለ» የመሰላት ሁለቴ ሚስኮል ታደርጋለች። ማን እንደገባት ወዲያው ይታወቃል።

ያን ቀን የተማሪዋ የሸኪባ ጥሪ አልቋረጥ አለ። ራዚያ እየፈራች አነሳችው።

«እናቷ ነኝ፣ መምህርት። አባቷ ትናንት ዳራት።»

«በአሥራ አራት ዓመቷ?»

«እኔንስ በአሥራ ሁለቴ አይደል የዳሩኝ?» ሴትዮዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይቺን ስልክ ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ከዛሬ ጀምሮ እኔን ያስተምሩኝ።»

«ሒሳብ?» አለች ራዚያ።

«ኧረ ፊደሉን! ልጄ ከፍቷት መልእክት ብትልክልኝ፣ አንብብልኝ ብዬ ለአባቷ ልሰጠው ነው?»