ሁለት እሬቶች

አበባ ሻጩ ሁለቱን ትንንሽ እሬቶች ከዱር ነቅሎ ካመጣ ወዲህ ነገሩ አላምር ብሎታል። እሬት ውሃ አይወድምና ጠብታ አላቀመሳቸውም፤ የተከለባቸው ጣሳዎች አፈር ግን ጠዋት ጠዋት ርሶ ይጠብቀዋል።

ዛሬ አንዲት አሮጊት ከጣሳዎቹ ፊት ቁጢጥ አሉ።

«እነዚህን ከየት አመጣሃቸው፣ ልጄ?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ሰው ከማይደርስበት ኮረብታ ነው፣ እማማ።»

«ተራርቀው ነበር የበቀሉት?»

«ኧረ፣ በመካከላቸው ክንድ ተኩል ቢሆን ነው።»

አሮጊቷ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። «ድንጋይ ባኖር ሰው ያነሳዋል፣ እሬት ግን ዝናብ ቢቀርም አይደርቅም ብዬ የተከልኳቸው እኔ ነኝ» አሉ።

ሻጩ አፍሮ ጣሳዎቹን አንስቶ ሰጣቸው። እሳቸው ግን አልተቀበሉትም።

«በልጄ ራስጌ የነበረው የትኛው ነው?»