የዳሜ ጆሮ

የግቢው በር ሲንኳኳ እታገኝ ውሻዋን ዳሜን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከፈተች። የዘር መርማሪው ነው።

ድሮ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነበር። አሁን ለውሻም ሆኗል፤ ሰባት ቤት ድረስ ዘሩ ያልጠራ ውሻ ይወሰዳል። ሰፈሩ ጭር ካለ ሰነበተ። ዳሜን ቡችላ ሳለ ከመንገድ አንስታ ነው ያሳደገችው፤ እናቱን ያየ የለም። አንዱ ጆሮው ቆሞ አንዱ ይወድቃል። መቆም ይለምድ እንደሆነ ብላ እታገኝ የወደቀውን በልጇ በኖላዊት የፀጉር ላስቲክ ከቆመው ጋር ታስረዋለች፤ ኖላዊትም ፀጉሯ ሳይያዝ ትምህርት ቤት ትሄዳለች።

ዛሬ ግን ገና አላሰረችውም።

መርማሪው ትሁት ወጣት ነው። «እንደምን አደሩ እናቴ» ብሎ ተንበረከከና የዳሜን ምራቅ በጥጥ ጠርጎ በእጁ በያዘው መሣሪያ ውስጥ ከተተው። እታገኝ በልቧ እመቤቴን ተማጸነች። መሣሪያው አረንጓዴ በራ።

«ይገርማል! ሰባት ቤት ድረስ ንጹሕ ነው» አለ። «ጆሮው በልጅነቱ ተመቶ ይሆናል።»

እታገኝ ተደፍታ መሬት ሳመች። ቀና ስትል ኖላዊት መርማሪው ፊት ምላሷን አውጥታ ቆማለች።

«ለእኔም! እማዬ እኔንም እንደ ዳሜ ከመንገድ ነው ያገኘችኝ።»

እታገኝ ዘላ የልጅቷን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

ወጣቱ ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። የተረፈውን ጥጥ ወደ ቦርሳው እየመለሰ፣ «ይተዋት እንጂ እናቴ» አላት። «የሰው ምርመራ ገና ነው፤ ከመስቀል በኋላ ነው የሚጀመረው።»