ትል የወጣበት ባቄላ

ባቄላ ከቤተ ሙከራ ጠርሙስ መወለድ ከጀመረ አርባ ዓመት ሆነው። ዝርያው በየሦስት ወሩ ይለወጣል፤ ችግኙ በሳጥን ይመጣል፤ ፍሬው ይበላል እንጂ ተመልሶ አይበቅልም። የድሮ ዘር የደበቀ ገበሬ መሬቱን ይነጠቃል። ይህን ጉድ «ፍጥነት» ብለው ሰየሙት።

እማማ ጥሩአየሁ ከእናታቸው የወረሱት አንድ ቁና ባቄላ ነበራቸው። ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ሲሰሙ፣ «ከምነጠቅስ ለሰኔ ጾም በቆልት አድርጌ ለመንደሩ አበላዋለሁ» ብለው በእንስራ ዘፈዘፉት።

በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ዶክተር ምንተስኖት ከች አለ። በባቄላ ማዳቀል ሁለት ጊዜ የተሸለመ ሊቅ ነው። ጓዳ ገብቶ የእንስራውን ክዳን አነሳና ወደ ኋላ ዘለለ። ከእያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«እማማ! ትል አውጥቷል እኮ!»

እማማ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፈኑ። የባቄላው ሊቅ ባቄላ ከፍሬው ሲበቅል አይቶ አያውቅም!

«እርጅና ነው ልጄ፣ ረስቼው ተበላሸ። ልጫንልህ?»

«ኧረ በማርያም! መኪናዬን ሊያበክቱብኝ ነው? አሁኑኑ ወስደው ይቅበሩት።»

«የት ልቅበረው?»

«እዚያ ማሳው ላይ። አፈር በደንብ ያልብሱት።»

ደንቡ ስለሚያስገድደው፣ ዶክተሩ ዝናብ እየወረደበት ዳር ቆሞ ተቆጣጠረ። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ነበር።

«እማማ፣ አንድ ላይ አይከምሩት፣ ይሸታል! ራቅ ራቅ አድርገው ይቅበሩት!»

እማማ ጥሩአየሁ የተማረ ሰው አክባሪ ናቸው፤ በየስንዝሩ፣ በመስመር፣ አንድ በአንድ ቀበሩት።