ሁለተኛው ቢጫ ማገናኛ

ከወንድሙ ጋር በጋራ የገዙት ባትሪ ቀይ ማገናኛው ተነቅሎ ቢጫ ተበይዶበት ሲያይ የኒዛር ደም ፈላ። ቢጫው የሚገጥመው ለታናሽ ወንድሙ ለዓብዱሰመድ የሪሞት መኪና ብቻ ነበር፤ የባልባላ ሰፈሩ የመኪና ውድድር ደግሞ ዛሬ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ነው።

«ቀዩ እየጋለ ይቀልጣል፣ ወላሂ» አለ ዓብዱሰመድ።

«የኔዋስ በምን ልትሄድ ነው? በዱዓ?»

«አቦ፣ ስማኝማ...»

አልሰማውም። ፒንሳ አንስቶ ሁለቱንም ሽቦ ባንዴ ቆረጠ። የባትሪ ሽቦ አንድ በአንድ እንጂ አብሮ እንደማይቆረጥ ወንድሙን ያስተማረው እሱ ራሱ ነበር። የፒንሳው ብረት ሁለቱን አገናኛቸውና ባትሪው ብልጭ ብሎ ጨሰ፤ አብጦም ቀረ።

ዓብዱሰመድ ከኪሱ ሌላ ቢጫ ማገናኛ አወጣ። «ይሄ ላንተ መኪና ነበር።»

«ታዲያ ቀድመህ አትናገርም!» ብሎ ጮኸበት ኒዛር፣ ጥርሱ የቀለጠውን ፒንሳ እየነቀነቀ።