የዑራኤል ጃንጥላ

ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አስጠብባ ውፍረቷን ልትቀንስ ሆስፒታል ገብታለች። ታክሲ ውስጥ ወያላው «ጠጋ በይ» ባላት ቁጥር ስታልመው የኖረችው ቀን ነው። የደም ግፊቷ ግን አልወርድ አለ። ሐኪሙ «ነገ ጠዋትም እንዲሁ ከሆነ ይራዘማል» አላት። ይራዘማል ባላት ቁጥር ደግሞ ግፊቷ ይብሳል።

እናቷ ከራስጌዋ አልተነሡም። እግራቸው ሥር አንድ ባለ ወርቃማ ዘርፍ ትልቅ ጃንጥላ ተጋድሟል፤ ለዑራኤል የተሳሉት ነው።

«እማዬ፣ ሰው እኮ ስለቱን የሚያስገባው ከሰመረለት በኋላ ነው። አንቺ ታቦቱን ቀብድ ልታስይዢው ነው?»

«ዑራኤል አሳፍሮኝ አያውቅም» አሉ እናት፣ ጃንጥላውን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ።

«ታዲያ ስለ ግፊቴም ንገሪው እንጂ!»

«ስለ ግፊትሽማ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ ልጄ።»

ሳቀች። እንዲህ ያለች እናት ከጎኗ እያለች ምን አስጨነቃት? እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ጠዋት ነርሷ ግፊቷን ለክታ ፈገግ አለች። ሐኪሙም አየና «በጣም ጥሩ፣ ወርዷል! አሁኑኑ እንገባለን» አለ። በደስታ እናቷን ልታቅፍ ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው።

እናት በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጃንጥላውን በብብታቸው ይዘው ስልክ ያወራሉ።

«ሀሎ፣ የንዋየ ቅድሳቱ ሱቅ ነው? ጃንጥላውን ብመልስ ትቀበሉኛላችሁ? ዘርፉ አልተነካም። ምን ላድርገው ልጄ፣ ግፊቷ ወርዶ ሊቀዷት ነው፤ ስለቴ አልሰመረም።»